«መታወቂያ አውጡ!» … «ለፍተሻ ውረዱ!»

በሀገራችን መንገድ በመኪና የተጓዘ ሰው ሁሉ ሁለቱን ትእዛዞች ያውቃቸዋል። መኪናው ኬላ ላይ ይቆማል፤ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ አንዱ ፖሊስ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ «መታወቂያ አውጡ!» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ወንዶቹን አውርዶ፣ አሰልፎ፣ ወገብ ወገባችንን እየዳበሰ ያልፋል። የመጀመሪያው «ማነህ?» እያለን ነው። ሁለተኛው «ምን ታጥቀሃል?» ይለናል። ሁለቱም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ምናልባትም አንድ ሻይ ቤት ቁርስ የበሉ ሰዎች ናቸውና ጥያቄያቸውም አንድ ይመስለናል። አይደለም። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ልዩነት ናት።

ወሬው የተነሳው ከባሕር ማዶ በመጣ ክርክር ነው። አሜሪካኖች በሁለት ነገር ላይ ሲጨቃጨቁ ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ፦ መራጭ የፎቶ መታወቂያ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ? ጠመንጃ ገዢስ የኋላ ታሪኩ ይጣራ ወይስ ዝም ብሎ ይሸጥለት? እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሣሪያ ከመሸጡ በፊት ገዢውን ማስጣራት አለበት፤ ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ማጣራቱ ኤፍቢአይ በሚያስተዳድረው የኮምፒዩተር መዝገብ ይከናወናል። በምርጫ በኩል የኢንዲያና ክፍለ ግዛት በ2005 መራጮች ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንዲያሳዩ ደነገገች፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2008 ሕጉን አጸናው። የሚያስቀው ነገር ይኼውላችሁ፦ የምርጫ መታወቂያን አጥብቆ የሚደግፈው ሰው ብዙውን ጊዜ የጠመንጃ ማጣሪያን «መብቴን ነካችሁ» ብሎ ይቃወማል፤ ማጣሪያውን የሚደግፈው ደግሞ መታወቂያውን «ድሃውን ከምርጫ ማስወጫ ዘዴ ነው» ይላል። አንዱ ሌላውን «አቋምህ ወጥ አይደለም» እያለ ሲከስ ይኖራል።

እኛም እንደ ማንኛውም የከተማ ልጅ ይህንን ክርክር ከኢንተርኔት ለቅመን ሻይ ላይ ደገምነው። ብዙም ሳንሄድ ተደናቀፍን። የአሜሪካኖቹ ንጽጽር በእግሩ የሚቆመው ሁለቱንም ነገሮች እንደ ሕገ መንግሥታዊ መብት ስለሚቆጥሯቸው ነው። የእኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 መምረጥና መመረጥን መብት ያደርጋል። ጠመንጃ የሚነሳው ግን አንቀጽ 51 ላይ ነው፤ እሱም የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣቱ ሥልጣን የፌዴራል መንግሥቱ ነው ለማለት ያህል ብቻ። በወረቀት ላይ እንግዲህ ድምፅ መብት ነው፤ ጠመንጃ ፈቃድ ነው። በተግባርስ? በሀገራችን ስንት ገበሬ ነው የምርጫ ካርዱን ከጠመንጃው አስበልጦ ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ?

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ራሳችን ታሪክ አምጥተን እንየው ተባባልን። መራጭን ሲመዘግቡ መጠየቅ የሚገባው «ማነህ? ዕድሜህ ስንት ነው? የት ትኖራለህ?» ብቻ ነው። ደግ ይሁን ክፉ፣ ሰካራም ይሁን ጸሎተኛ፣ ከገዢው ፓርቲ ጋር ይስማማ ይጣላ፣ የመዝጋቢው ጉዳይ አይደለም። ጠመንጃ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ነገሩ ግልብጥ ነው። ዋናው ጥያቄ ጠባዩ ነው፦ ሰው ገድሎ ያውቃል? ሚስቱን ይደበድባል? አእምሮው ጤነኛ ነው? ለምን ፈለገው? የማን ዘር፣ የማን ወገን መሆኑ ለጥይቱ ምንም ለውጥ አያመጣም። እኛ ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ቦታ ተለዋውጠው ነው። ጠመንጃ ሲታደል «የማን ወገን ነህ?» ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ «ጠባይህ እንዴት ነው?» ተባለ።

ይህንን ለማየት ከድሬዳዋና ከጓሮዋ ከሐርላ የተሻለ ቦታ አላገኘንም።

ሐርላ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው አቅጣጫ ተራራው ሥር የምትገኝ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። እርሻ ሲያርሱ የድንጋይ ግንብና የሸክላ ስብርባሪ ማግኘት ለእነሱ ብርቅ አይደለም፤ የድሮዎቹ ባለቤቶች ግዙፋን ነበሩ የሚል አፈ ታሪክም አላቸው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ቆፈረ፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው የመቃብር ድንጋዮች፣ የግብፅ ሳንቲሞች፣ ከሕንድና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች መገኘታቸው ተሰማ። የውጭ ጋዜጦች «የግዙፋኑ ከተማ» እያሉ ቢያራግቡትም ከመቃብሮቹ የወጣው አጽም እንደኛው ቁመት ያለው ሰው ነበር። እዚህ ቦታ ከሩቅ ሀገር የመጣና የሀገሩ ተወላጅ አብረው ነግደዋል፤ ዶቃ ሠርተዋል፤ አብረው ተቀብረዋል።

ሐርላዎች እነማን ነበሩ? ይህንን ጥያቄ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ገብታችሁ ጠይቁና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስሙ። ሐረሪው አያቶቼ ናቸው ይላል። ሶማሌው ዛሬም ሐርላ የሚባል ጎሳ አለን ይላል። ኦሮሞው መሬቱን እያረስኩ ያለሁት እኔ፣ ከእኛ ጋር ተቀላቅለው ቀሩ ይላል። ሁሉም የተወሰነ እውነት ሳይዝ አይቀርም፤ ማናቸውም ግን መታወቂያ አውጥቶ ማሳየት አይችልም። ነገሩ የቅርስ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በደስታ እናልፈው ነበር። ድሬዳዋ ግን «ማነህ?» የሚለው ጥያቄ ሥልጣን የሚከፋፈልባት ከተማ ናት። ኦሮሚያም ሶማሌም የኔ ናት ስላሏት በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ሆነች፤ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ወጣላት፤ ሹመቱ ደግሞ የከተማው ሕዝብ «40-40-20» ብሎ በሚጠራው ቀመር ሲከፋፈል ኖረ። አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለቀረነው ለሌሎቻችን። ከዚራ ተወልዶ መጋላ ያደገ፣ አራት ቋንቋ እያደባለቀ የሚናገር የድሬ ልጅ የቱ ቁጥር ውስጥ እንደሚገባ የሚያውቀው የቀበሌ መታወቂያውን ሲያወጣ ነው።

ከሐርላ ቁልቁል ወደ ለገሃሬ ስንወርድ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ፣ የጠመንጃው፣ ይጠብቀናል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ተጨማሪ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ስለፈጀበት፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከባሕር የመጣ ማንኛውም ከባድ ዕቃ የሚራገፍበት ዋና በር ድሬዳዋ ነበረች። ከዕቃዎቹ አንዱ ጠመንጃ ነው።

የጠመንጃ ንግዱ ከባቡሩም ይቀድማል። ሐረር ውስጥ በስሙ ሙዚየም ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በ1879 ዓ.ም. 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ከታጁራ አጓጉዞ ለምኒልክ ሸጧል። (በዋጋው ክፉኛ ተከራክረውት እንዳሰበው ሳያተርፍ ቀርቷል፤ ለእኛ ይህ የሚያስደስት ዝርዝር ነው።) አውሮፓውያኑ ነገሩ አላማራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1890 ብራሰልስ ላይ ስለ ባሪያ ንግድ ለመምከር ተሰብስበው በዚያው የጦር መሣሪያንም አነሱ፤ ከሰሜን 20 እስከ ደቡብ 22 ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ የሚገድብ ስምምነት አጸደቁ። ካርታውን ብታዩት ኢትዮጵያ መሐል ላይ ናት። ከስድስት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ያ ሁሉ ወጨፎና ውጅግራ ስምምነቱን አልሰማም ነበር።

ከዐድዋ በኋላ ቁጥጥሩ ወደ ውል ተለወጠ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ስለሚመለከተው ጥቅማቸው ሲዋዋሉ፣ ስለ መሣሪያ ዝውውር ራሱን የቻለ ስምምነት በዚያው ቀን ፈረሙ። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ከሦስቱ ጋር ተፈራረመች፤ ወደ ሀገር የሚገባ መሣሪያ በማዘዣና በፈቃድ እንዲሆን ተስማማች። እስቲ አስቡት፣ ሀገሪቱ ራሷ ጠመንጃ ገዢ ሆና ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ የኋላ ታሪኳ ሲጣራ! የተጠየቀችው ግን «ጠባይሽ እንዴት ነው?» አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የጣሊያን ወረራ እየመጣ መሆኑን ዓለም ሁሉ እያየ ሳለ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለሁለቱም! ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ሊያጠቃ የተዘጋጀው እሷ መሆኗንም ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም ነበር። ጠባይ የሚመረምር እውነተኛ ማጣሪያ ቢኖር ማንን እንደሚከለክል ግልጽ ነው። የተመረመረው ግን ወገን ነው።

ወደ ሀገር ውስጥ ስንመለስም ያው ነው። በድሮው ሥርዓት ነፍጥ የሚሰጠው ለሎሌ፣ ለወታደር፣ ለታማኝ ነበር፤ መሬትም ከነፍጡ ጋር ይከተል ነበር። ጠመንጃ ያዥነት የጠባይ ምስክር ወረቀት አልነበረም፤ የማን ሰው መሆንህን የሚያሳይ ምልክት ነበር። በመታወቂያ ቋንቋ እንናገር ካልን፣ በዚያ ዘመን መታወቂያው ራሱ ምንሽሩ ነው።

ድምፅስ? የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ በሕዝብ እንዲመረጥ ፈቀደ፤ ምርጫውም እ.ኤ.አ. በ1957 ተካሄደ። 21 ዓመት የሞላው መምረጥ ይችላል፤ ሴትም ጭምር። ለመመረጥ ግን ንብረት ይጠየቅ ነበር፦ 1 ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2 ሺህ ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ። «ማነህ?»ም አይደለም፣ «ጠባይህ?»ም አይደለም፤ «ስንት አለህ?» ነው። ሦስተኛ ጥያቄ እንዳለ ለማስታወስ ብቻ አነሳነው እንጂ እሱስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት በደርግ ዘመን ነው። ጠረጴዛው የቀበሌ ጠረጴዛ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ የከተማ ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጀ፤ ቀበሌ ከዚያ ተወለደ። መጀመሪያ ላይ የቤት ኪራይ ይሰበስባል፣ ጠብ ያስታርቃል ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ፣ መኖርህ በቀበሌ መዝገብ ሆነ። ከዚያ ጠመንጃ መጣ። ቀበሌዎች አብዮት ጠባቂ አቋቋሙ፤ መሣሪያ ታደላቸው። ለማን ታደለ? ለጨዋው ነው ለታማኙ? ወላጆቻችንን ጠይቋቸው። በብዙ ሰፈር መሣሪያ የተሰጠው፣ ሰፈሩ ቢጠየቅ ኖሮ ቢላዋ እንኳን የማያስይዘው ሰው ነበር።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «አሰሳ» የተባለው የቤት ለቤት ፍተሻ ሲካሄድ ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን ሠሩ። ታጣቂዎቹ መሣሪያና የጽሑፍ ማባዣ ይፈልጋሉ፤ በዚያው የቤቱን ሰው ይቆጥራሉ። በቀበሌው መዝገብ ያልተጻፈ እንግዳ ከተገኘ ጉድ ፈላ። ያ ወረቀት የእህል የስኳሩ ወረቀት የነበረው የነፍስ ወረቀት ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ከተማዋ ተከላክላ ቀረች። ከየገጠሩ ተሰብስቦ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነውን ሚሊሻ ማንም «የአእምሮ ጤና ማስረጃህን አምጣ» አላለውም፤ ጦርነት ነውና ይህን አንከስስም። የምንለው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ መታወቂያ የሚጠይቀውና ጠመንጃ የሚያድለው ክፍል አንድ ከሆነ በኋላ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ከባድ ሆነ ነው።

ደርግ ሄደ፤ ቀበሌ ቀረ። በ1997ቱ ምርጫ የከተማ ሰው ድምፁን ከቀበሌ ሊቀመንበሩ ፈቃድ ውጭ ሰጠ፤ ያንን ያየው መንግሥትም ትምህርት ቀሰመ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት፣ የማዳበሪያ፣ የእርዳታ እህል፣ የብድርና የድጋፍ ደብዳቤ አገልግሎት ከፓርቲ ታማኝነት ጋር መያያዙን ዘርዝሯል። መንግሥት አስተባበለ። ውጤቱ ግን ከ547 መቀመጫ 545ቱ ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ሆነ፤ በ2007 ደግሞ 547 ከ547። የመራጭ መታወቂያ ሕጉ በእነዚህ ዓመታት ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ሕጉ «ማነህ?» ይላል፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ግን በልቡ «ጠባይህ እንዴት ነው?» ይላል። ለጠመንጃ ገዢ የሚገባው ምርመራ ለመራጩ ተሰጠው ማለት ይኼ ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አንድ ያልተዘመረለት ነገር ሆነ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱ ፓርላማ ሁለቱንም ሕጎች አጸደቀ። በነሐሴ 2011 የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162፣ በታኅሣሥ 2012 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177። ጎን ለጎን ብታነቧቸው ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ወደ ቦታቸው የተመለሱ ይመስላል። የምርጫው አዋጅ መራጩን ኢትዮጵያዊነቱን፣ 18 ዓመት መሙላቱንና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖሩን ይጠይቀዋል። የመሣሪያው አዋጅ ደግሞ ከፌዴራል ፖሊስ ጋር አገናኝቶት የወንጀል ታሪኩን፣ ጤናውን፣ መሣሪያውን የፈለገበትን ምክንያት ይመረምራል።

ከምርጫው ሕግ እኛን የማረከን አንድ ነገር አለ። መታወቂያ የሌለው ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ አይባረርም፤ የሚያውቁት ሰዎች መስክረውለት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። «ሀገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው» የሚለው አነጋገራችን ሕግ ሆነ በሉት። እንደ ሐርላ ባለ መንደር ወረቀት ከሌላቸው አዛውንት ጎረቤቶቻቸው የተሻለ መዝገብ የለም። ለኢንዲያና ፍርድ ቤት ይህንን ብንነግረው ምን ይል ይሆን? ቅሬታም አልጠፋም። ያው ምስክርነት በከተማ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ኮንዶሚኒየም ማን ለማን ይመሰክራል? ከምርጫው በፊት አዲስ አበባ ላይ መታወቂያ ያለ አግባብ ታድሏል የሚለው ጩኸት የተሰማው በከንቱ አይደለም።

የጠመንጃው ሕግ ችግር ሌላ ዓይነት ነው። ማጣሪያው ግለሰብን ይመረምራል፤ በሀገራችን ግን ጠመንጃ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ግለሰብ አይደለም። ልጁ ይፈርማል፤ የገዛው ቤተሰቡ ወይም ጎሳው ነው። በአማራ ገጠር፣ በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደር አካባቢ «ለምን ፈለግኸው?» ብትሉት መልሱ «ጎረቤቴ ታጥቋል» ነው፤ ይህ ደግሞ የወንጀል ታሪክ አይደለም፤ እብደትም አይደለም። አዋጁ ቀድሞ የታጠቀው በጊዜ ገደብ እንዲያስመዘግብ ዕድል መስጠቱ ይህንን ስለሚያውቅ ይመስለናል። ግን የማስመዝገቡ ነገር የመታመን ነገር ነው። መዝገቡ ነገ የማስፈቻ ዝርዝር እንደማይሆን ለገበሬው ማን ዋስ ይጠራለታል? በአሰሳው ዘመን ያደገ አባት ለልጁ ምን እንደሚመክር መገመት አያቅትም።

ሕጎቹ ሥራ ላይ ሲውሉ ምን ሆነ? ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው ተካሄደ። ሶማሌና ሐረሪ መስከረም 20 ቀን 2014 መረጡ። የሐረሪው ለጽሑፋችን የተሰፋ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ 14 መቀመጫ ያለው የሐረሪ ብሔረሰብ ጉባኤ የሚመረጠው በሐረሪዎች ነው፤ ከክልሉ ውጭ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ፣ በሚኖሩ ሐረሪዎች ጭምር። ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉት ሊመርጡ አይገባም አለ፤ ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርድ ቤቱ ይመርጣሉ አለ። ሁለቱም ወገን አሳማኝ ክርክር ነበረው። ግን ልብ በሉ፦ እዚህ ላይ የመራጩ ጥያቄ «የት ትኖራለህ?» መሆኑ ቀርቶ «የማን ልጅ ነህ?» ሆነ። ድሬዳዋ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ፣ አንደኛው ለሐረር ምክር ቤት ይመርጣል፤ ሌላኛው አይመርጥም። የትኛው መሆኑን የሚወስነው መታወቂያቸው ላይ ያለችው የብሔር መስመር ናት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014፣ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪው የያዘውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና ሰፈሩን ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ ጠራ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር፤ መንገድ ላይ መታወቂያ መጠየቅ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል አሳስቦ መግለጫ አወጣ፤ ከተመለከታቸው ከተሞች ድሬዳዋ አንዷ ነበረች። ሁለቱ ትእዛዞች እንደገና አንድ ላይ መጡ። መሣሪያ ያለው «ና ተመዝገብ፣ ከእኛ ጋር ሰፈርህን ጠብቅ» ተባለ፤ ምንም ያልታጠቀው ደግሞ በመታወቂያው ታሰረ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር! ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ ያለው የምርጫ ካርዱ እስር ቤት በር ላይ ምንም አልጠቀመውም።

መንግሥት በዚያ ጊዜ ሀገር ልትፈርስ ነበር ይላል፤ ጦሩ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ እየገፋ እንደነበር እኛም እናስታውሳለን። ስጋቱ የውሸት አልነበረም። ነገር ግን «ይኼ ሰው አደገኛ ነው ወይ?» የሚለው የጠባይ ጥያቄ፣ «ይኼ ሰው የማን ነው?» በሚለው የዘር ጥያቄ ሲተካ፣ አደገኛውን ማግኘቱ ራሱ ይቀራል። የሚገኘው ስሙ የተለየው ነው።

አሁን አዲስ ወረቀት መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል፤ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ብሔር አይጠይቅም። ለ«ማነህ?» ብቻ መልስ የሚሰጥ፣ «የማን ነህ?» የማይል ወረቀት በእኛ ዕድሜ ስናይ የመጀመሪያችን ነው። የሚያሳስበን አይጠፋም፤ ማዕከላዊ መዝገብ ማለት አንድ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሁላችንንም ማየት ይችላል ማለት ነው፤ የ1969ኙ ቀበሌ ይህ ቢኖረው ኖሮ ብለን ማሰቡን ትተነዋል። ቢሆንም ከእኛ መሐል ሰልፍ ይዘን ያላወጣነው የለም።

ከሐርላ በተመለስንበት ቀን ኬላ ላይ ቆምን። ወንዶቹ ወርደን ተዳበስን። አንዱ ጓደኛችን በኩራት አዲሱን የፋይዳ ካርድ አወጣ። ፖሊሱ ተቀበለው፤ ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጦ አየው፤ መለሰለትና፣

«የቀበሌውስ?» አለው።